ምንሽሩ አውሮፕላን የተሳፈረ ዕለት

ውሃ ይዛችሁ አውሮፕላን መግባት እንደማትችሉ ታውቃላችሁ? አዎ፣ ውሃ። ያውም የታሸገ፣ ከሱቅ የተገዛ። «እዚሁ ጠጥታችሁ ግቡ» ይሏችኋል። ጠመንጃ ግን ይቻላል። ፈቃዱ ካላችሁ፣ ጥይቱን ለብቻ ካደረጋችሁ፣ በጠንካራ ሳጥን ቆልፋችሁ «ጠመንጃ ይዣለሁ» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ፣ እንደማንኛውም ሻንጣ ተመዝኖ፣ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ከታች ከጓዙ ጋር ተጭኖ ይሄድላችኋል። እናንተ በጥም እየተቃጠላችሁ ከላይ፣ እሱ ተኝቶ ከታች።

እኔ ብዙ ነገር የማውቀው ከንባብ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በወንድሞቼ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ ሲሆን፣ መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ደግሞ የቤታችንን ግድግዳ ነው። ጭቃው እንዳይታይ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን ጠምዝዤ ነበር የማነበው፤ ዛሬም አንገቴን ሲይዘኝ የምረግመው ያንን ለጣፊ ነው። የአንዱ ታሪክ መጨረሻ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ስለገባ ልጅቷ ሰውየውን ታግባው አታግባው እስካሁን አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ፊደል ያለበትን ሁሉ አነባለሁ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና ካርቶን፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አይቀረኝም። የጠመንጃውን ነገር ግን በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያወቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቢቸና ገበያ ስፌት የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ሌማት፣ ሰፌድ፣ መሶብ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አያሌው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያርሳል። አንዲት ልጅ ብቻ አለችው፣ ትርንጎ የምትባል፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ የምትኖር። አምና ደወለችና «አክስቴ፣ ላገባ ነው። እናቴ የለችም። አባዬን አምጪልኝ። እሱ ቆሞ ካልመረቀኝ ከማን ቤት ወጣሁ እላለሁ?» አለችኝ። እኔ ምላሴ ስለታም ነው እንጂ ሆዴ ቡቡ ነው። «አመጣዋለሁ» ብዬ ማልኩላት።

መማሉ ቀላል ነበር። ጋሼን በመኪና መውሰድ አይሞከርም። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ አይችለውም። አንድ ጊዜ ከደጀን ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ «አውርዱኝ፣ በእግሬ እመለሳለሁ» ብሎ መኪና ሙሉ ሰው አስጨንቋል። ስለዚህ ልጅቷ ከባሕር ዳር የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልን። ጋሼም እሺ አለ። ይህን ሲል ከአባታችን የወረሰውን አሮጌ ጠመንጃ፣ ምንሽሩን፣ እየወለወለ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እሺ፤ ግን ምንሽሬ ካልሄደ እኔም አልሄድም» አለኝ።

«አንተ ጋሼ፣ ሰርግ ነው የተጠራኸው ወይስ ዘመቻ?»

«የሙሽራ አባት ትከሻው ባዶ ሆኖ ደጅ አይቆምም። ልጄን ከሜዳ ያነሷት ይመስላቸዋል።»

አትፍረዱበት። በእኛ አገር ያለ ምንሽር የቆመ አባት ሱሪውን የረሳ ያህል ነው። አባታችንም እኔን ሲድር ያንኑ ምንሽር አንግቶ ነው የቆመው። አባቴን አይቶ ሳይሆን ምንሽሩን አይቶ ነው አማቼ ጎንበስ ያለው።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ያ ምንሽር አይተኩስም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ጋሼ ከድንበርተኛው ጋር በአንዲት ትልም ተጣላ። ያ ሰው ሲያርስ ገፋ አድርጎ ገብቶበት ነው። ጋሼ በዚያን ጊዜ እሳት ነበር። «ነገ እዚያች ትልም ላይ እቆማለሁ፣ እሱም ይምጣ» ብሎ ዛተ። ሚስቱ እትዬ የሺ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዝም አለች። ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። እሱ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ምንሽሩን አወረደች። ዕድሜዋን ሙሉ በፊቷ ሲፈታና ሲገጥም አይታለች። ጥይቱን ከኋላው መትቶ የሚያስነሳውን መርፌ መዝዛ አወጣች፤ የቀረውን መልሳ ገጥማ ሰቀለችው። ከዚያ መርፌውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እኔ ዘንድ መጣች። «ብርቄ፣ ይህን ደብቂልኝ» አለችኝ።

የት ልደብቀው? ብረቱን አየሁት። ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ። የበሬ ቀንድ እጀታ አበጀሁለትና ወስፌ አደረግሁት። እሱን የመሰለ ወስፌ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልያዝኩም። በማግስቱ ጋሼ ምንሽሩን አንግቶ ትልሟ ላይ እስከ እኩለ ቀን ቆሞ ዋለ። ድንበርተኛው ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ታረቁ። እኔና እትዬ የሺ በዓይን ተጠቃቀስን። ስንት ጊዜ ሳቅን መሰላችሁ! የቢቸና ጀግና የተሸከመው ዱላ መሆኑን የምናውቀው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን ብለን።

እትዬ የሺ የዛሬ ስድስት ዓመት ዐረፈች። ጋሼ ለቅሶዋ ላይ ምንሽሩን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዕንባ የሚባል አልወጣውም። ሰው «ልቡ ደንዳና» ብሎ አማው። ምስጢሩም ለእኔ ብቻዬን ቀረ።

አሁን ጭንቄ ገባችሁ? ምንሽሩ ካልሄደ ጋሼ አይሄድም፤ ጋሼ ካልሄደ ትርንጎ አባት አልባ ትሆናለች። ምንሽሩ ከሄደ ደግሞ ፈታሽ ያየዋል፣ ይከፍተዋል። «አባቴ፣ ይህ እኮ አይሠራም» ያለው ዕለት ጋሼ ልጁን ለመዳር ሳይሆን ራሱን ለመቅበር ነው የሚመለሰው።

ያም ሆኖ ወረቀቱን አሟላን። ፈቃዱ ነበረው፤ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈልን። የቀረው ሳጥን ነው። ሳጥን ሠሪ ፍለጋ ሞጣ ድረስ ሄድን፤ እዚያ አቶ ሰይድ የሚባል እጁ የተባረከ አናጢ አለ። «ጠበብ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ የሚቆለፍ ሳጥን» አልኩት። «እህቴ፣ ረዘም ያለ ሳጥን እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው» አለኝ። ሠርቶ ሲያመጣው አየሁና ክው አልኩ። ግራና ቀኙ መያዣ አለው። ክዳኑ መሐሉ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ይወርዳል። ውስጡ በጥቁር ጨርቅ ተለብጧል። «ጨርቁን ማን አዘዘህ?» ብለው «እጄ ለምዶ ነው» አለኝ። ሌላ ለማሠራት ጊዜ አልነበረም፤ በረራው በማግስቱ ነው።

በማለዳ የባሕር ዳር ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ሳጥኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። አራት ሆነው በቀስታ ጣራው ላይ አወጡት። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። እኔ ገብቶኛል። ግን ምን ልበል? ሚኒባስ ሙሉ ሰው መሐል «ኧረ ጠመንጃ ነው!» ብዬ ልጩህ? ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ግን አልገባውም። ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወንድሜ፣ ምንህ ነው?» አሉት ወደ ጣራው እያመለከቱ።

«የአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት እኔ ዘንድ ቀረ» አለ ጋሼ ኮራ ብሎ።

«ዕድሜው ገፍቷል?»

«ሰማንያ ሳይሞላው አይቀርም።»

«ታሞ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልነካው! በየቅዳሜው አወጣዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ፀሐይ አሳየዋለሁ። ከዚያ ጠቅልዬ አስተኛዋለሁ።»

ሴትየዋ ደረታቸውን መቱ። «በየቅዳሜው! ሰማችሁ ወይ እናንተ! ሽማግሌ በየቅዳሜው እያጠበ፣ ዘይት እየቀባ የጦረ ሰው! የዛሬ ልጆች ይህን ስሙ!» አሉ። የዛሬ ልጆችም ስልካቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ዞር ብሎ አየኝ። አሁን ገባው። ዓይኑ «ተናገሪ» ይላል፤ ዓይኔ «አንተ ተናገር» ይላል። ያን ጊዜ ሴትየዋ ሙሾውን አወረዱት፤

«ቅዳሜ ሲነጋ ማንን ታነሣለህ፣
ከባዶ ቤት ገብተህ ማንን ትጠራለህ?»

ሳቄን ልይዝ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። ሰው እያለቀስኩ መሰለው፤ አንዷ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። ቀና ስል ጋሼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሱም እየሳቀ ነው ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ዞረ። ጢሙ በዕንባ ርሷል።

ሳቄ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ለሚስቱ ያላለቀሰ ሰው በምንሽሩ ሰበብ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። አዴት ለቁርስ ስንወርድ ተሳፋሪው በሙሉ ተሰልፎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለን። ኬላው ላይ ፖሊሱ ሳጥኑን አየ፤ ደብዳቤዬን ሳልዘረጋ ኮፍያውን አንሥቶ «እለፉ፣ እለፉ» አለን። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ ያለ ሙዚቃና ያለ ጭቅጭቅ የተጓዝኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አየር ማረፊያው በር ላይ ግን ኀዘናችን አበቃ። «ምንድነው?» አሉን። እኔ ደንቡን አንብቤ አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ማስመዝገብ ማለት መናገር ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጠመንጃ ነው!» አልኩ። ከኋላችን የነበረው ሰልፍ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ፖሊስ ጠርተው ወደ አንድ ጠረጴዛ ወሰዱን። አንዲት ለጋ ልጅ፣ ጥፍሯን የተቀባች፣ ቅጽ አወጣች። ዓይነቱን ጠየቀች፣ ነገርናት። ቁጥሩን ከፈቃዱ ላይ ጻፈች። ጥይቱን ቆጠረች፣ አምስት። ሁሉም ደህና ሄደ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች።

«አባቴ፣ ጠመንጃው ባዶ ነው አይደል?»

ጋሼ ማን እንደሚሰማ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየ።

«አባቴ? ባዶ ነው?»

ልጅቷ ምን ታድርግ? የከተማ ልጅ ናት። የቢቸና ሰው ግን ጠመንጃህ ባዶ ነው ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ተጠይቆም «አዎ ባዶ ነው» ብሎ ሰው መሐል አይመልስም። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጄ፣ ይህን ለማወቅ የፈለገ ሰው እስከዛሬ ፊት ለፊቴ ቆሞ አልጠየቀኝም።»

«ይኸው እኔ ፊት ለፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ።»

«እሱስ ቆመሻል» አለ ጋሼ። ፈገግታ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ያዘው።

«እሺ፣ ‹ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ› የሚለው ላይ ይፈርሙልኝ።»

«የአባቴን ምንሽር ባዶ ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ካልፈረሙ አይጫንም።»

«ካልተጫነ አልሄድም።»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። የበረራው ሰዓት እየቀረበ ነው። ትርንጎ ፊቴ ላይ መጣችብኝ፤ ነጭ ለብሳ፣ ደጁን ደጁን እያየች። «ፈርም እንጂ፣ አንተ ግትር! ልጅህ አባት የላትም እንድትባል ነው?» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ እጁ ግን እስክሪብቶውን አላነሣም። ያን ጊዜ የንባብ ነገር ጠቀመኝ። ወደ ልጅቷ ጠጋ ብዬ «የኔ ልጅ፣ ከታች ‹ተጨማሪ መግለጫ› የሚል መስመር አየሁ። እዚያ ላይ ‹ጥይቶቹ በሙሉ ለብቻ ታሽገዋል› ብለሽ ብትጽፊው፣ እሱ ያንን ቢፈርም፣ ባዶነቱን ደግሞ ፖሊሱ ራሱ አይቶ ቢፈርምልሽስ?» አልኳት። አሰበች። ፖሊሱን አየችው። ፖሊሱ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ራሱን ነቀነቀ። ጻፈች። ጋሼም «ጥይቶቹ በሙሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነብቦ፣ ፈረመ።

ደስ አለኝ ስል ነው የፈራሁት የመጣው። ፖሊሱ ምንሽሩን አንሥቶ ሊከፍተው ነው! ብረቱን ወደ ኋላ ሳበ። ውስጡን አየ። መልሶ ዘጋ። እንደገና ሳበ፤ ዘጋ። ቆም አለ። ጋሼን አየው። ጋሼም አየው። ሁለቱ ወንዶች እንደዚያ ሲተያዩ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። በመጨረሻ ፖሊሱ «ጥሩ አያያዝ ነው አባቴ» አለና ፈርሞ ሳጥኑን ዘጋው። ወረቀት ተለጥፎበት፣ ያ የአቶ ሰይድ ሳጥን በሚንሸራተተው ጎማ ላይ ተኝቶ በክብር ሄደ። አለፍን! ምስጢሬ አልወጣም፣ ጋሼ አልተዋረደም፣ ሰርጉ ተረፈ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለብቻዬ የተወጣሁ ሴት ነኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ የእጅ ቦርሳዬ መፈተሻ ማሽኑ ውስጥ ገባ።

«የማን ቦርሳ ነው? እማማ፣ የእርስዎ ነው? ይክፈቱት።» እማማ ማለቷን ለጊዜው አለፍኩላት። ፈታሿ እጇን ሰደደች። መንገድ ላይ ለመስፋት የጀመርኩትን ለትርንጎ የታሰበ ሌማት አወጣች። ቀጥላ ወስፌዬን አወጣች።

አያችሁ? ጠመንጃውን በወረቀት፣ በፊርማ፣ በምስክር አስመዘገብን። መርፌውን ግን ማን አስመዘገበ?

«ስለት ነው፤ አይገባም። ከሻንጣ ጋር መላክ ነበረብዎ» አለች።

«ወስፌ ነው እኮ፣ የኔ እህት!»

«ወስፌም ቢሆን። ወይ ይጣሉት፣ ወይ ይመለሱ።»

ጋሼ ከኋላዬ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ። ጠጋ አለና ወስፌውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለ። መዳፉ ላይ አስተኛው። አየው። አየው።

«የበሬ ቀንድ ነው እጀታው?» አለኝ በቀስታ።

«አ... አዎ።»

«ጥሩ ገጥመሽዋል። ስንት ሌማት ሰፋሽበት?»

ተንተባተብኩ። እኔ! ምላሴ የቢቸናን ገበያ የሚያስፈራ እኔ! «ጋሼ... መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ። ትልሟ ላይ ቆሜ ከፈት ሳደርገው።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በየቅዳሜው የምወለውለው ምኑን መሰለሽ? ክፍሉን በሙሉ እየፈታሁ የማጸዳ ሰው መርፌ መጉደሉን አላይም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሃያ ዓመት!»

«ከዚያ ቀን ወዲህ የሺ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ምን ብዬ ልቀስቅሳት?»

ፈታሿ ትዕግሥቷ አለቀ። «አባቴ፣ ይወስኑ። ይመለሳሉ ወይስ ይጥሉታል?» እኔ ጋሼን አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር፣ የምን ብረት እንደሆነ ቢያወጣ፣ ሁለታችንም እዚያው እንቀራለን። ካልተናገረ ደግሞ ያ ምንሽር ለዘላለም ዱላ ነው። እሱ ወስፌውን አንዴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ምላጭና መቀስ በተጣለበት ሳጥን ውስጥ በቀስታ አስቀመጠው። አልወረወረውም፤ አስተኛው።

«የሴት ዕቃ ነው» አላት ለፈታሿ። «ልጄ እየጠበቀችኝ ነው።»

ትርንጎ አባቷን በምንሽሩ ተደግፎ ግቢው በር ላይ ባየችው ጊዜ የሆነችውን አልነግራችሁም፤ ኩሏን ሁለት ጊዜ እንደገና ቀቧት፤ ይኸው ይበቃችኋል። የሙሽራው ወገኖች የከተማ ልጆች ናቸው፤ ምንሽር በቅርብ አይተው አያውቁም። ከበቡት። «ጋሼ፣ አንዴ ይተኩሱልን!» አሉት። ጋሼ ጢሙን አሻሸ። «ልጆቼ፣ ትናንት ነው ከአውሮፕላን የወረደው። ጆሮው ገና አልተከፈተለትም» አላቸው። ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም፤ ካየሁት እወድቃለሁ።

አሁን ቢቸና ውስጥ የጋሼ ምንሽር «በአውሮፕላን የሄደው» ነው የሚባለው። አባታችን ከገዛው ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። የዚያች ትልም ድንበርተኛ ዘንድሮ ሲያርስ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት ስንዝር ወደ ራሱ ሸሸ። ሳጥኑንም ጋሼ አልጣለውም፤ ምንሽሩን ቅዳሜ ወልውሎ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ያስተኛዋል።

እኔ የምሰፋው ከገበያ በተገዛ ወስፌ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ይጎብጣል፤ ጣቴን ይወጋኛል። የትርንጎ ሌማትም ገና አላለቀም። ምንሽሩ በሳጥን ሄዶ በሳጥን ተመለሰ፤ ጋሼ ልጁን ድሮ፣ ለሚስቱ አልቅሶ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ጉዞ ትጥቄን ፈትቼ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ።